ግዝት የወጣበት ላይተር

ከላሊበላ አየር ማረፊያ የሚነሣ አውሮፕላን ሰው ይጭናል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ የገና ሰሞን ከሆነም ከተሳላሚው ጋር የላስታን ማር ይጭናል። ላይተር ግን አይጭንም። ፈታሾቹ ኪስ ውስጥ ላይተር ካገኙ ጠረጴዛ ሥር ወዳለው ካርቶን ይጥሉታል፤ ካርቶን ውስጥ የገባ ላይተር ደግሞ ባለቤቱን ዳግመኛ አያይም። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ እንግዳ በሚቀጥለው ጉዞው ላይተሩን ሆቴሉ ኮመዲኖ ላይ ትቶት ይሄዳል። ኢያቄም አረጋ፣ ሲጋራ በከንፈሩ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ የመቶ አርባ አንድ ላይተር ባለቤት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በአንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። መጀመሪያ አልጋ አንጣፊ ነበር፤ ኋላ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ያዘ። እንግዳ የረሳው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፦ መነጽር፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ አንድ ጊዜም ሙሉ የላይኛው መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ። በሆቴሉ ደንብ የተረሳ ዕቃ ስድስት ወር ይቀመጣል፤ ጠያቂ ከጠፋ ላገኘው ሠራተኛ ይሰጣል። ጥርሱን በስድስተኛው ወር ማንም አልፈለገውም። ላይተሮቹን ግን ኢያቄም ፈለጋቸው።

በላስታ ትምባሆ ጥሩ ስም የለውም። የሚያጨስ ሰው ቢኖርም ከአጥር ጀርባ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ትንፋሹን ሰብስቦ ይገባል። ስለዚህ ላይተር የሚሰበስብ ሰው ቢያንስ በድብቅ ያጨሳል ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። የነፍስ አባቱ መምሬ ከፋለ ሁለት ጊዜ በኑዛዜ ጠየቁት፤ ሁለት ጊዜም አላጨስም አላቸው። በሦስተኛው ቤቱ ድረስ መጥተው መጋረጃውን አሸተቱ። መጋረጃው ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ትምባሆስ አይደለም፣ ግን ይህ ቤት አንድ ቀን ይቃጠላል ብለው ጸበል ረጭተው ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ አሸናፊ ደግሞ፣ «ይሄ ሰውዬ በቅሎ ሳይኖረው ኮርቻ ይሰበስባል» አለ። አባባሉ በሳምንት ውስጥ ከተማውን ዞረ።

ኢያቄም መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን መለየትም ያውቃል። ያስተማረው አንድ የስዊዘርላንድ ሽማግሌ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በክረምት መጥቶ በጭጋግ ምክንያት አውሮፕላኑ አራት ቀን ቀረበት። አራቱንም ቀን ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከኢያቄም ጋር ተቀምጦ ላይተሮቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሲሄድ አጉሊ መነጽሩን፣ ወረንጦውንና ጥቃቅን ካቻቢቴዎቹን ትቶለት ሄደ። ትምህርቱ አጭር ነበር፤ የላይተር ፊቱ ይዋሻል፣ ሥሩ አይዋሽም። ስለዚህ ኢያቄም ማንኛውንም ላይተር ሲቀበል መጀመሪያ ይገለብጠዋል። «ምዕራብ ጀርመን» ተብሎ ከታተመበት ሁለቱ ጀርመኖች ሳይዋሐዱ የተሠራ ነው። በአሜሪካ የተያዘች ጃፓን ሥራ መሆኑ ከተጻፈበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ልጅ ነው። ቀጥሎ ማዕዘኖቹን ያያል። እጅ የሚበዛበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ነጩ ተልጦ ቢጫ ካሳየ ብር የተባለው ሁሉ ኒኬል የተቀባ ናስ ነው።

ሰዎች ያያቶቻቸውን ዕቃ እየያዙ ይመጡበት ጀመር። አብዛኛው ታሪኩ ትልቅ፣ ዕድሜው ትንሽ ነው። አንድ የኩልመስክ ሰው አባቱ ከጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው ብሎ አንድ ከባድ ላይተር አመጣ። ኢያቄም ገለበጠው፤ ሥሩ ላይ የሩሲያ ፊደል አለ። እዚህ ላይ የሚስቅ ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«አባትህ ማርከውት ይሆናል» አለው፤ «መኮንኑ ግን ጣሊያን አልነበረም።»

መጀመሪያ በኮሮናው በሽታ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ እንግዳው ሲሳሳ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ። ኢያቄም ከቅዳሜ ገበያ በላይ ባለው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሰዓት መጠገን ጀመረ። የሰዓት ባትሪ ይቀይራል፣ የመነጽር ብሎን ያጠብቃል፣ የተበጠሰ ማሰሪያ ይቀጥላል። ላይተሮቹ ከጀርባው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል፤ አይሸጡም። የጎደለው አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በስልኩ ሥዕሉን ካሳየው ጀምሮ ዐሥራ ሰባት ዓመት ጠብቆታል፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠራ፣ ጎኑን ሲጫኑት ክዳኑ ተስፈንጥሮ የሚከፈት፣ በዚያው ቅጽበት ጥርሳሟ መዘውር ብልጭታ የሚሰጠውን ድንጋይ ፍቃ በራሷ የምታበራ የቤንዚን ላይተር።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ሰብሌ ይዛለት መጣች።

ሰብሌ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሰው ሁሉ እህሉን ሽጦ ሲበተን የዘረጋችውን ሸራ ስታራግፍ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ከመሬት አገኘች። የሽቶ ዕቃ መስሏት አሸተተችው፤ ምንም አልሸተታትም። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ማን እንደሚወሰድ ደግሞ በላሊበላ የማያውቅ የለም። ኢያቄም እጁ ላይ ሲያርፍ ገና ሳይገለብጠው አወቀው። ሰብሌ ከግድግዳው ላይ አንድ ዶሮ ያለበት ሰዓት አማራት፤ አውርዶ ሰጣት፤ ደስ ብሏት ሄደች። ስትሰጠው ወድቆ አገኘሁት ብላዋለች። ይህን ቃል ጆሮው ሰምቷል፣ እጁ ግን አልሰማም።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የማነው ብሎ ገበያውን ይጠይቅ ነበር። ኢያቄም ሱቁን ገርበብ አድርጎ ላይተሩን ፈታው። የላይተሩ ድንጋይ በዕርጅና አብጦ እንደ ኖራ ደርቋል፤ በመርፌ እየቆረቆረ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ጥጡን ቀየረ፣ አዲስ ክር አስገባ፣ አዲስ ድንጋይ ከተተ፣ ሞላው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ዘይት ጣል አደረገ። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤንዚን አጠጥቶ ጎኑን ተጫነው። በአንድ ጊዜ በራ።

እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን የሚያይ ሰው የለም። መጀመሪያ አሸናፊን ጠራ። ቀጥሎ የመድኃኒት ቤቷን ሴት፣ ቀጥሎ የባጃጁን ሾፌር፣ ቀጥሎ ከማኅሌት ልምምድ የሚመለሱ ሁለት ዲያቆናት። ጀንበር እስክትጠልቅ ድረስ ዐሥራ አንድ ሰው አይቶለታል። ዐሥራ አንዱም ጎኑን ተጭነዋል።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ሊበተን ሲል መምሬ ከፋለ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ቆዩ፣ የጠፋ ዕቃ አለ አሉ። የብልባላው አያ በለጠ ትናንት ገብሳቸውን ሸጠው ቤታቸው ገብተው ኪሳቸውን ቢዳስሱ ላይተራቸው የለም፤ በስልክ ይነገርልኝ ብለዋል። የብር ነው፣ በጎኑ ወፍ አለበት፣ የሟች ወንድማቸው መታሰቢያ ነው።

«እንግዲህ ያገኘህ፣ የወሰድህ፣ ያየህ፣ የሰማህ፣ ተናግረህ ካልመለስህ ተገዝተሃል።»

ግዝት እንደ ፖሊስ አይደለም። ፖሊስ የወሰደውን ይፈልጋል፤ ግዝት ግን ያየውንም የሰማውንም አንድ ላይ ያስራል። አይቶ ዝም ያለ ሰው ከወሰደው እኩል ከሥጋ ወደሙ ይከለከላል። ስለዚህ በዚህ አገር አስተዋይ ሰው የማያውቀውን ዕቃ ሲያገኝ ለማንም አያሳይም። ኢያቄም በገዛ እጁ ዐሥራ አንድ ሰው አስሯል። ዙሪያውን ሳያይ ዓይኖች እንደተሰበሰቡበት አወቀ። አሸናፊ ከምሰሶው አጠገብ ሆኖ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲያስረዳ ሄደ፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ሚስቱን ጽጌማርያምን አስቀምጦ ማስረዳት ጀመረ። የተነገረው የብር ነው፤ የእሱ ኒኬል የተቀባ ናስ ነው፣ ማዕዘኑ ላይ ቢጫው በግልጽ ይታያል። የተነገረው ወፍ ያለበት ነው፤ የእሱ ላይ ያለው ወፍ ሳይሆን የወይን ቅጠል ነው፣ በአጉሊ መነጽር ሥሮቹ ይቆጠራሉ። ስለዚህ በመለየት ሥራ ሕግ ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። ጽጌማርያም ምስር እየለቀመች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ግዝቱ የወጣው ላንተ ነው፣ ለወፉ አይደለም» አለችው።

«እኔ የምለው እኮ...»

«ቅጠል ቢሆንስ? ሰውየው ቅጠሉን ወፍ ብሎ ቢጠራው ይነጠቃል?»

ይህ ክርክር ሳያልቅ መምሬ ከፋለ ራሳቸው በር ላይ ቆሙ። ጥምጥማቸው ጠምሟል፤ የራበው ሰው ፊት ነበራቸው። ከቅዳሴ ወጥተው ቤታቸው ሲደርሱ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ቀድማ እየጠበቀቻቸው ነበር። እሷ ሳትጨርስ የባጃጁ ሾፌር መጣ። ከዚያ አሸናፊ፣ ከዚያ ዲያቆናቱ። ሰብሌም ሰዓቱን ከነዶሮው ታቅፋ መጥታ እልፍኝ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ኢያቄም» አሉ መምሬ፣ «እኔ እስካሁን እህል አልቀመስኩም። ዐሥራ ሁለት ሰው መሰከረብህ። ወይ ዕቃውን መልስ፣ ወይ ለተረኞቹ ደጄ ላይ አግዳሚ ወንበር አሠራልኝ።»

ኢያቄም ስለ ናሱና ስለ ቅጠሉ ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ ጽጌማርያም ምስሩን እያንጓለለች ቀና ብላ አየችው፤ አፉን ዘጋ። ነገ ጠዋት ብልባላ እሄዳለሁ አለ።

ሰኞ ማለዳ ሚኒባሱ ውስጥ ላይተሩን በደረት ኪሱ ይዞ ተሳፈረ። መንገደኛ ከነጓዙ በየመዞሪያው ይወጣል ይወርዳል፤ እሱ አውራ ጣቱን ከጎኑ ላይ አላነሣም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ጠብቆ ያገኘው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ብቻ ሊሆን ነው። ለሰው መመለስ ያለበትን ነገር ስለሚመልስ ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ደስ አላለውም።

አያ በለጠ አውድማ ላይ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በመንሽ የገብስ ጭድ ያነሣሉ፣ ሚስታቸው እቴ ፈትለወርቅ ከኋላቸው ትጠርጋለች። ከላሊበላ ዕቃው ተገኘ ተብሎ በስልክ ስለተነገራቸው መንሹን ጥለው ወደ ኢያቄም ፈጠን ብለው መጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሉ። አሁንም አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ሲያደርጉት እንደኖሩት ጎኑን ተጫኑት።

ክዳኑ ተስፈንጥሮ የጣት ርዝመት ያለው ነበልባል ወጣ።

አያ በለጠ ወረወሩት። የወደቀው ጭዱ ላይ ነው። እቴ ፈትለወርቅ በመጥረጊያዋ፣ ኢያቄም በጫማው፣ ሽማግሌው በባዶ እግራቸው እየረገጡ አጠፉት፤ የተቃጠለው አንድ እቅፍ የማይሞላ ጭድ ነው። ሁሉም ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ከዚያ አያ በለጠ ላይተሩን በመንሹ ጫፍ ገፋ አድርገው ከአውድማው አወጡት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ።

ኢያቄም የሰማውን አላመነም። አያ በለጠ ግን አስረዱት። የሳቸው አይነድም። ወንድማቸው ሙሉሃብት የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ከአሰብ መንገድ ያመጣው ዕቃ ነው፤ እሱ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በርቶ አያውቅም። ክዳኑም እንዲህ አይዘልም፣ እያዛጋ ነው የሚከፈት።

«እኔ እሳት በኪሴ ይዤ አውድማ ለአውድማ የምዞር እብድ ነኝ እንዴ? የኔ መብራቱን የተወ ዕቃ ነው። የሰው ንብረት ተቀብዬ ደግሞ እኔ ልገዘት?»

ዕቃውን ደግመው ሊነኩት አልፈለጉም። እንዲያውም ስልካቸውን አውጥተው መምሬ ከፋለ ዘንድ ደወሉ። ሰውየው ደግ ሰው ነው፣ ሥራውን ትቶ መጥቷል፣ ዕቃው ግን የኔ አይደለም አሉ። መምሬ ኢያቄምን አቅርቡልኝ አሏቸው፤ ባለቤቱ የኔ አይደለም ካለ አንተን አይመለከትህም፣ ሂድ በሰላም አሉት። በድምፃቸው እፎይታ ነበር። ምሳቸውን እየበሉ ይመስላል።

ኢያቄም ላይተሩን ከመሬት አነሣ፤ አመድ ነክቶት ነበር፣ በእጅጌው ጠረገው። ላደረሰባቸው ድንጋጤ እሱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲገባ አያ በለጠ ይቅርታ ጠየቁት፣ እስከ አጥሩም ሸኙት። ወደ መኪናው መንገድ ወረደ።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሊቀጣው የመጣ ግዝት በነፋስ ተነሥቶ ሄዷል። ባለቤቱ ራሱ የኔ አይደለም ብሎለታል፣ ቄሱ ለቀውታል፣ ዐሥራ ሁለቱ ምስክሮችም እንግዲህ ነጻ ናቸው። የተባለው ሁሉ ከሰው አፍ የወጣ ነው፤ እሱ አንዲት ቃል አልዋሸም። በሕይወቱ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የተሰጠው ነገር አልነበረም። ታዲያ ሚኒባሱ እስኪመጣ መዝግቦ ሊያስቀምጠው አሰበ።

ኢያቄም ለእያንዳንዱ ላይተር አንዲት የወረቀት ቁራጭ አለችው። በእርሳስ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ የት እንደተሠራ፣ በስንት ዓመት ገደማ፣ ከማን እንደመጣ። ባለቤቱ ያልታወቀ ከሆነ ያልታወቀ ብሎ ይጽፋል፤ የተጠረጠረ ከሆነ ይመስላል ይላል። ላይተር ሰብሳቢ ላይተር ቢሰርቅ አንድ ዕቃ ሰረቀ፤ ወረቀቷ ላይ ቢዋሽ ግን የቀሩት መቶ አርባ አንድ ወረቀቶች ሁሉ ይጠረጠራሉ። ይህን የሚመረምርበት ሰው በአገሩ የለም። እሱ ግን አለ።

አንደኛውን መስመር ጻፈ። ሁለተኛውን ጻፈ። ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ቆመ። «ከማን» የሚለው ፊት ያልታወቀ ብሎ ሊጽፍ አልቻለም። ያውቃል። ከአሰብ መንገድ መጥቶ፣ ከሙሉሃብት ወደ በለጠ ተላልፎ፣ ቅዳሜ ገበያ ወድቆ፣ በራሱ በኢያቄም እጅ ድኖ የነደደ ላይተር ነው። የደረቀውን ድንጋይ ራሱ ነው በመርፌ ያወጣው። ክዳኑን ያዘለለው የእሱ ዘይት ነው።

ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ላሊበላ፣ ላሊበላ እያለ ጠራ። ኢያቄም በእጁ ሂድ አለው።

አያ በለጠ ሲመለስ ሲያዩት መጀመሪያ ሌላ ነገር አቃጥሎ የመጣ መሰላቸው።

«አያ በለጠ» አለ ኢያቄም ገና ከአጥሩ ሳይገባ፣ «አልዋሸሁም፣ ግን ሳልናገር ነው የሄድኩት። የእርስዎው ነው። ያበራሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አላመኑትም። ደግ ሰው ሊያስደስታቸው የፈጠረው ነገር መሰላቸው። እንደዚህ ያለ ነገር አያስፈልግም፣ ወንድሜን ላይተር አያስመልሰውም አሉት። ኢያቄም ማስረዳቱን ተወ። ከጭዱ ራቅ ብሎ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መሀረቡን ዘረጋ፤ ከኪሱ ካቻቢቴውንና ወረንጦውን አወጣ። የሥሩን ብሎን ፈታ፣ ሞላውን ሳበ፣ ቅዳሜ ያስገባውን ድንጋይ አወጣ። ጥጡን እየጎተተ አወጣና ቤንዚኑ በፀሐይ እስኪተን ጠበቀ። የተቀባውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ጠረገ። ዐሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀውን ዕቃ እንደሞተ አድርጎ መለሰው፤ ሥራው ከመጠገኑ ይልቅ ፈጥኖ አለቀ።

«አሁን ይጫኑት።»

አያ በለጠ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን አዙረው ተጫኑት። ክዳኑ ግማሽ መንገድ ድረስ ተከፈተና ቆመ። እሳት የለም። ወደ ደረታቸው አቀረቡት። ሁለተኛ ተጫኑት። ሦስተኛ ሲጫኑት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ አውራ ጣታቸው ጎኑ ላይ ወደ ተቦረቦረችው ስፍራ ራሱ ገባ። እቴ ፈትለወርቅ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ታያቸዋለች።

«አሁን መጣ» አሉ።

ላይተሩን ሳይሆን የኢያቄምን እጅ ይዘው ቆዩ። እቴ ፈትለወርቅ ቤት ገብታ ጠላ ይዛ ወጣች፤ አውድማው ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ያቺው ገብስ አሁን ተቆልታ በሰፌድ መጣች። አያ በለጠ ስለ ሙሉሃብት ነገሩት፤ ሲያናድዱት ክርክር ከመመለስ ይልቅ ይህን ክዳን ይከፍትና ይዘጋ እንደነበር፣ ከድምፁ ብዛት ምን ያህል እንደተናደደ እንደሚያውቁ። ኢያቄምም በተራው የዕቃውን ነገር ነገራቸው። የት አገር እንደተሠራ፣ ከሁለተኛው ጦርነት በፊት መሆኑን፣ ብር ሳይሆን ኒኬል የተቀባ ናስ መሆኑን። ይህንን ሁሉ አያ በለጠ ተቀበሉ። ጎኑ ላይ ያለው የወይን ቅጠል እንደሆነ ሲነግራቸው ግን ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ወፍ ነው» አሉ።

«በአጉሊ መነጽር ካዩት...»

«ሙሉሃብት ወፍ ነው ብሎኛል።»

ኢያቄም መለየት ከተማረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክሩን ተወ። ወፍ ነው አለ።

ከሦስተኛው ጠላ በኋላ ድፍረት አግኝቶ የልቡን ተናገረ። እዚህ አገር ላም ያለው ሰው ጊደሩን ላም ለሌለው ጎረቤት ለርቢ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ያረባታል፣ ስትወልድ ይካፈላሉ። እንዲያ ባለ መንገድ ላይተሩን ለጥቂት ጊዜ ቢሰጡት በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ያኖረዋል፣ በፈለጉ ቀን ይመልሳል።

አያ በለጠ ከልባቸው ሳቁ።

«ርቢ የሚሰጠው ለሚወልድ ነው። ይሄ ምን ይወልድልናል? የሚወልደውን ደግሞ ዛሬ አውድማዬ ላይ አየሁት» አሉት። ከዚያ ጥቂት አሰቡና ሌላ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳሉ፤ ዕቃውን አቧራ ይበላዋል፤ እሱ ደግሞ ማጽዳት ያውቃል። እየመጡ ያስጸዱታል። ግን አጠገቡ ተቀምጠው ነው።

መምሬ ከፋለ በሚቀጥለው እሑድ ዕቃው ለባለቤቱ መመለሱን ተናገሩ፣ ግዝቱም ተፈታ። ዐሥራ ሁለቱ ምስክሮች ተራ በተራ ወደ ሱቁ እየመጡ ይቅርታ ጠየቁ፤ አሸናፊ ይቅርታውን የጠየቀው ላይተሮቹን አንድ በአንድ እያየ የማናቸው ብሎ ከመረመረ በኋላ ነው። ሰብሌ ዶሮ ያለበትን ሰዓት ከመምሬ ቤት አምጥታ ልትመልስ መጣች፤ ኢያቄም ግን ከግድግዳዬ የወረደ ግዝት የለውም ብሎ አስቀረላት።

አያ በለጠ ቃላቸውን ጠበቁ። ቅዳሜ፣ ገብሳቸውን ሸጠው ሲያበቁ፣ ሱቁ በር ላይ ያለች ዱካ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የቤንዚኑ ጠርሙስ ከጠረጴዛው እንዲነሣ ያዝዛሉ። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን ላይተር ፈተው ይሰጡታል፣ ዓይናቸውን ከእጁ አይነቅሉም። ዕቃው በዐሥር ደቂቃ ይጸዳል። ኢያቄም ግን አንድ ሰዓት ያጸዳዋል፤ ባትሪ የሚያስቀይር ሰው ሰዓቱን ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል፣ የመነጽሩ ብሎን የወደቀበት ሰው በአንድ ዓይኑ እያየ ይቆማል። ማንም አያጉረመርምም፤ ጉዳዩን ሁሉም ያውቃል።

ትናንት አሸናፊ ፀጉር እያስተካከለ ቆይቶ፣ የጽዳቱ ጊዜ ሲረዝምበት ሊያይ መቀሱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ዱካዋ ላይ እንዳሉ፣ ኢያቄም አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ነው። ቢጫው የሚታይበትን ጥግ በጥጥ ያሸዋል፤ ያቆማል፣ ያገላብጠዋል፣ ደግሞ ያሸዋል።

«አልጨረስክም?» አሉ አያ በለጠ።

«ማዕዘኑ ቀርቷል።»

«ባለፈው ቅዳሜም ማዕዘኑ ነበር የቀረው።»

«አራት ማዕዘን አለው እኮ፣ አያ በለጠ።»

ሽማግሌው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። የብልባላ መኪና ለመነሣት ገና ጊዜ ነበረው። ዱካቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉ።